በእንግድነት የተጀመረ ምስክርነት



በትንሣኤ ሰሞን በአል ዐይን በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለወገኖቻችን ስሰብክ ጎረቤትን ስለ መውደድ ተናግሬ ነበር። ስብከቴን ስፈጽምም፣ «ከእናንተ እያንዳንዱ ከጰራቅሊጦስ በፊት የእምነት ወገኑ ያልሆነ አንድ ጎረቤቱን ወደ ማዕዱ ይጥራ» ብዬ አደራ ሰጠሁ። ከቅዳሴ በኋላ በአንድ ቤት በሠራተኝነት የምታገለግል እኅት ቀርባ መስቀል ተሳለመችና፣ «አባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ ማዕድ የለኝም። የምበላው በሰው ወጥ ቤት ቆሜ ነው። ማንን ልጥራ? ወዴትስ ልጥራ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ባርኬ አሰናበትኋት፤ ወደ አቡ ዳቢ በሚወስደው መንገድ ግን ቃሏ አብሮኝ ተጓዘ። ስብከቴ ቤት ላለው፣ ጠረጴዛ ላለው፣ በሩን በፈቃዱ ከፍቶ ለሚዘጋ ሰው የተሰበከ ነበር። በፊቴ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ግን እንዲህ ያለ በር የላቸውም። ታዲያ ማዕድ የሌለው ክርስቲያን ለጎረቤቱ እንዴት ይመሰክራል?

ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ ምንኖርባት ምድር ታሪክ ተመለስሁ። ያገኘሁትንም ዛሬ ላካፍላችሁ እወድዳለሁ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሆስፒታል የሆነው የእንግዳ ቤት

አል ዐይን በዐረብኛ ምንጭ ማለት ነው፤ እኛም «የምንጭ ዐይን» እንላለንና ቃሉ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። በ1960 ግን ይህች ሥፍራ ዛሬ የምናውቃት ከተማ አልነበረችም። በአቡ ዳቢ ነዳጅ ዘይት የተገኘው በ1958 ሲሆን ወደ ውጭ አገር መላክ የተጀመረው በ1962 ነው። ስለዚህ በ1960 ሀብቱ ገና አልመጣም፤ ከአቡ ዳቢ ወደ አል ዐይን የሚያደርስ የአስፋልት መንገድም አልነበረም። ሰዉ በተምር ተክልና በግመል፣ ከመሬት በታች በተቆፈሩ የውኃ ቦዮችም ይኖር ነበር። በዚያ ዘመን ከሚወለዱት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ፣ ከወላድ እናቶችም ሲሶ ያህሉ ይሞቱ እንደ ነበር በኋላ የተቋቋመው ሆስፒታል ታሪክ ይተርካል።

በዚያው ዓመት ፓት ኬኔዲና ማሪያን ኬኔዲ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አል ዐይን መጡ። ሁለቱም ሐኪሞች፣ ሁለቱም ሚስዮናውያን ነበሩ። ካቶሊካውያን አልነበሩም፤ ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ወገን ነበሩና መልካሙን ሥራ ለሠሩት እንስጥ። የጋበዟቸው የአቡ ዳቢው ገዥ ሼኽ ሻክቡትና በዚያን ጊዜ በአል ዐይን የገዥው እንደራሴ የነበሩት ወንድማቸው ሼኽ ዛይድ ቢን ሱልጣን ነበሩ። ሼኽ ዛይድም ሥራ እንዲጀምሩበት የሰጧቸው ቤት ከጭቃ ጡብ የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ ነበር።

ይህን ነገር አስተውሉልኝ። በዚህች ምድር የክርስቲያኖች ታላቅ የፍቅር ሥራ የተጀመረው ክርስቲያኖች ባሠሩት ቤት አይደለም። ሙስሊሙ ባላገር እንግዳ በሚቀበልበት ቤት ነው። ሐኪሞቹ እውቀትና መድኃኒት ይዘው ቢመጡም፣ ጣሪያውና ግድግዳው፣ በዚያም ለመኖር ያገኙት ፈቃድ ሁሉ ከባላገሩ የተቀበሉት ነበር። ሰጪ ከመሆናቸው በፊት ተቀባይ ሆኑ። እንግዳ ደግሞ ቤቱን በራሱ ሥርዓት አይገዛም፤ የባለቤቱን ልማድ ይማራል፤ የተሰጠውን ያመሰግናል።

ማሪያን ሴት ሐኪም መሆናቸው ለእናቶች ትልቅ ነገር ነበር። በወንድ ሐኪም መታየት ነውር ይሆንባቸው የነበሩ ሴቶች ወደ እርሳቸው መጡ። በዚያ ሆስፒታል ከተወለዱት ሕፃናት አንዱ መጋቢት 11 ቀን 1961 የተወለዱት የዛሬው የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት ሼኽ ሙሐመድ ቢን ዛይድ ናቸው። ገዥዎቹ የሚወልዱ ሚስቶቻቸውን ለክርስቲያን ሐኪሞች አደራ ሰጡ ማለት ነው። እንዲህ ያለ መታመን በአዋጅ አይገኝም፤ ቀስ በቀስ፣ ሌሊት በሚንኳኳ በር፣ በሕፃን ልቅሶ፣ አብሮ በሚጠጣ ቡና ይገኛል።

በ1962 ገርትሩድ ዳይክ የተባለች ካናዳዊት ነርስ መጣች። ለሠላሳ ስምንት ዓመታት በዚያው አገለገለች። የአገሩ ሰው የሚጠራት «ዶክቶራ ለጢፋ» ብሎ ነበር፤ ለጢፋ ማለት ለስላሳ፣ ርኅሩኅ ማለት ነው። ሆስፒታሉ ራሱ ለብዙ ዘመን «ኦኤሲስ» ሲባል ኖሮ በ2019 «ካናድ» ተብሎ ተሰየመ። ካናድ የባዕድ ቃል እንዳይመስላችሁ፤ ኬኔዲ የሚለው ስም በአካባቢው ሰው አንደበት ሲጠራ የያዘው መልክ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ምስጢር እናውቀዋለን። ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ በ1839 ወደ አድዋ ሲመጡ የማያውቁት አገር እንግዳ ነበሩ። የሕዝቡን ቋንቋ ተማሩ፤ እንደ ሕዝቡ ለበሱ፤ የቀረበላቸውን በሉ። በ1860ም በመንገድ ላይ ሳሉ ዐረፉ። ሕዝቡም «አቡነ ያዕቆብ» ብሎ የራሱ አደረጋቸው። ከእርሳቸው በኋላ በኦሮሞ ሕዝብ መካከል ለረጅም ዘመን የደከሙት ካፑቺናዊው ጉልየልሞ ማሳያም «አቡነ መስያስ» ተባሉ። ሰው የወደደውን እንግዳ ስሙን በራሱ ምላስ ያበጀዋል። እናንተም በምትሠሩበት ቤት ሕፃናቱ ስማችሁን አጣምመው ሲጠሩ አትዘኑ፤ አንዳንድ ጊዜ ከፓስፖርታችሁ ስም ይልቅ ያ ስም ወደ ልብ የቀረበ ነው።

በአቡ ዳቢ የተሰጠን መሬት

የእኛም የካቶሊካውያን ታሪክ በዚህች ምድር ከዚህ የተለየ አይደለም። በአቡ ዳቢ የመጀመሪያው የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በ1965 የተከፈተው በባሕሩ ዳርቻ፣ ሼኽ ሻክቡት በሰጡት መሬት ላይ ነበር። ከተማዋ ስታድግ ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ሙሽሪፍ ተዛወረ፤ ዛሬ የምንቀድስበትም ካቴድራል ከ1983 ጀምሮ በዚያ ቆሟል። ይህም መሬት በስጦታ የተገኘ ነው። ቅዱስ ቁርባን በምንቀበልበት ማዕድ ዙሪያ እንኳ የምንቆመው ባለ አገሩ በዘረጋልን ምንጣፍ ላይ ነው።

በዚያው ሰፈር፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ፣ አንድ መስጊድ አለ። በ2017 ሼኽ ሙሐመድ ቢን ዛይድ የራሳቸውን ስም ይዞ የነበረውን ይህን መስጊድ «የኢየሱስ እናት ማርያም» ተብሎ እንዲጠራ አደረጉ። ከቅዳሴ ስትወጡ የምትሰሙት አዛን የእመቤታችንን ስም ከተሸከመ መስጊድ የሚወጣ ነው። ስንቶቻችን ይህን አውቀን አልፈናል? ስንቶቻችንስ ለአንድ ሙስሊም ባልንጀራችን «ማርያምን በእናንተ ዘንድ እንዴት ታከብሯታላችሁ?» ብለን ጠይቀናል?

ይህ ጉርብትና ትናንት የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። በአቡ ዳቢ ግዛት በስር ባኒ ያስ ደሴት በ1992 የጥንት ገዳም ፍርስራሽ ተገኝቷል። የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን መነኮሳት ገዳም ነበር፤ ዘመኑም ሰባተኛውና ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ፣ የመነኮሳቱ በዓቶች፣ በኖራ ላይ የተቀረጹ መስቀሎችም ተገኝተዋል። እስልምና ወደዚህ የባሕር ዳርቻ በገባበት ዘመን እነዚያ መነኮሳት በዚያው ነበሩ። ተጓዦችና ዓሣ አጥማጆች በሚመላለሱበት ባሕር መካከል እየጸለዩ ከጎረቤት ጋር ኖሩ ማለት ነው።

የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሁለት መንገዶች

እዚህ ላይ ከእናንተ መካከል አንዱ፣ «አባ፣ ታዲያ ወንጌልን የምንሰብከው መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። ጥያቄው ቅን ነው፤ በግልጽ ልመልስ። የምንኖርበት አገር ሕግ ለሙስሊሞች ሃይማኖትን መስበክ ይከለክላል። እንግዳ የቤቱን ሕግ ያከብራል። እኛን ግን የሚያስተምረን ሕጉ ብቻ አይደለም፤ ከሕጉ በፊት ቤተ ክርስቲያን ራሷ የተማረችው ጥበብ አለ።

በ1219 የመስቀል ጦርነት በሚካሄድበት ጊዜ የአሲዚው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ በግብፅ በዳሚየታ የጦሩን መስመር አልፎ ወደ ሱልጣን አል ማሊክ አል ካሚል ሄደ። ሰይፍ አልያዘም። ሱልጣኑም ተቀበለው፤ አዳመጠው፤ በሰላም መለሰው። ፍራንቸስኮስ ከዚያ ተመልሶ ለወንድሞቹ በጻፈው ሥርዓት በሙስሊሞች መካከል የሚኖሩ ወንድሞች ሁለት መንገድ እንዳላቸው አስተማረ። አንደኛው፣ ክርክርና ጠብ ሳይፈጥሩ ስለ እግዚአብሔር ብለው ለሰው ሁሉ ታዛዥ ሆነው መኖር፣ ክርስቲያን መሆናቸውንም ሳይደብቁ መመስከር ነው። ሁለተኛው፣ እግዚአብሔር እንደወደደ ባዩ ጊዜ ቃሉን መናገር ነው። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ፤ ኑሮው ቀድሞ ይመጣል፤ ቃሉ ጊዜውን ይጠብቃል።

የዚህ ሥርዓት ልጆች የሆኑት ካፑቺናውያን ናቸው የዐረብ ምድር ሐዋርያዊ ቪካርያትን የሚያገለግሉት። በ1888 የኤደን ቪካርያት ሲቋቋም የመጀመሪያው ቪካር ብፁዕ አቡነ ላሴር ቀድሞ የኦሮሞ ሐዋርያዊ ቪካርያት ረዳት ጳጳስ ነበሩ። መንበሩ ከኤደን ወደ አቡ ዳቢ የተዛወረው በ1970ዎቹ ነው። እንግዲህ ዛሬ የምንጠለልበት ቪካርያት ከእኛው አገር ሚስዮን ጋር አንድ ሥር አለው።

የእኛም ታሪክ አስተናጋጅ የሆነበት ጊዜ ነበር። የሙስሊም ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን፣ በ615 ከመካ የተሰደዱ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ወደ አክሱም ንጉሥ መጡ። አሳዳጆቻቸው ስጦታ አስይዘው መልእክተኞች ላኩ፤ ስደተኞቹን አሳልፈህ ስጠን አሉ። ክርስቲያኑ ንጉሥ ግን ሳይሰማ አልፈረደም። «እምነታችሁ ምንድር ነው?» ብሎ ጠየቃቸው፤ ጃዕፈር የተባለውም ስለ ማርያምና ስለ ልጇ በቁርኣን ያለውን አነበበለት። ንጉሡ ስጦታውን መልሶ ስደተኞቹን አስጠለለ። በዚህ አገር ጎረቤታችሁ «ሐበሻ» ብሎ ሲጠራችሁ፣ የቃሉ ጥላ እዚያ ድረስ ይዘልቃል። በተማረ ሙስሊም ልብ ውስጥ የእናንተ አገር ስደተኛን የተቀበለች፣ ከመፍረድ በፊት የጠየቀች አገር ናት። ያን ስም የሚያቆሽሽ ወይም የሚያድስ ደግሞ የየዕለት ኑሯችን ነው።

ተከድኖ የቆየ ሰሐን

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልንገራችሁ፤ ስለ ማዕድ የሚጽፍ ካህን የራሱን ሳይናገር ቢያልፍ ቃሉ ቀሊል ይሆናልና።

የተወለድሁት በጉራጌ ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ዘር ሐረግ እንኖራለን። በሥጋ ግን እንለያያለን፤ ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን። ይህን ልዩነት አባቶቻችን የጠብ ምክንያት አላደረጉትም፤ መላ ፈጠሩለት። ለመስቀል አባቴ ሙስሊም ወዳጆቹን ሲጠራ በጉን ከነነፍሱ ይሰጣቸው ነበር፤ ራሳቸው ያርዱታል፤ በተለየ ድስት ይሠራላቸዋል። ለአረፋ እነርሱ ሲጠሩን ደግሞ ቆጮ፣ ጎመንና አይብ ይቀርብልናል። ቡናው ግን የሁላችን ነበር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ማንም ማንንም አይለይም፤ ሦስተኛው ስኒ የተጠራበት በረካ የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛው ጋር አንድ ነው።

ከዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ወጥቼ በተቀባሁ በመጀመሪያው ዓመት የአባቴ ወዳጅ የነበሩ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ለአረፋ ጠሩኝ። እኔም «ሥራ በዝቶብኛል» ብዬ ሰው ላክሁ። ሥራ አልበዛብኝም። አዲሱ ቄስ በሙስሊም ቤት ምን በላ እባላለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። ሽማግሌው ዓመቱ ሳይደርስ ዐረፉ። ለቅሶ ስደርስ ባለቤታቸው እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ ሰሐንህን እስከ ማታ ከድነው ጠበቁህ» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩኝም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያ ሰሐን እስከ ዛሬ በፊቴ ተከድኖ ተቀምጧል።

በስደት ያላችሁ ብዙዎች ይህን የሥጋ ጉዳይ ትጠይቁኛላችሁ። በዚህ አገር በቤቱም በገበያውም ያለው ሥጋ በእስልምና ሥርዓት የታረደ ነውና። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥጋ መብላትን አትከለክልም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የማያምን ሰው ቢጠራችሁና መሄድ ብትወዱ የቀረበላችሁን ሳትመራመሩ ብሉ ብሎ መክሯቸዋል፤ የደካማውን ወንድም ኅሊና እንዳያቆስሉም አስጠንቅቋል። ስለዚህ የምትበላ እኅት የማትበላዋን አትናቅ፤ የማትበላዋም በምትበላዋ አትፍረድ። ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር በአንድ ክፍል የምትኖሩ ልማዳቸውን አክብሩ። ኅሊናሽ ሥጋውን የማይፈቅድልሽ ከሆነ ተምሩን፣ ዳቦውን፣ ቡናውን ውሰጂ፤ «አልበላም» ከማለትሽ በፊትም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» በዪ። ሥጋን እንቢ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ሰውን እንቢ ማለት ግን ሌላ ነው። የእኔ ጥፋት ሁለተኛው ነበር።

ጌታ የለመነው ውኃ

ለእኅታችን ጥያቄ መልሱን ያገኘሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጌታችን በዚህ ምድር ሲመላለስ የራሱ ማዕድ አልነበረውም። በዘኬዎስ ቤት እንግዳ ነበር፤ በስምዖን ቤት፣ በማርታና በማርያም ቤት እንግዳ ነበር። ከሳምራዊቷ ሴት ጋር ያደረገው ያ ረጅም ንግግርም የተጀመረው ውኃ በመስጠት አይደለም፤ ውኃ በመለመን ነው። የሕይወት ውኃ ባለቤት የሆነው ከሌላ ሃይማኖት ሴት እጅ ለመጠጣት ጠየቀ። እርሷም ከዚያ በኋላ ጠየቀችው፤ እርሱም መለሰላት።

እንግዲህ ማዕድ የለኝም የምትሉ ስሙኝ። የተቀበላችሁት ስኒ ምስክርነት ሊሆን ይችላል። የዚህ አገር ሰው እንግዳውን ሲያከብር ተምርና ቀህዋ ያቀርባል። ከደላው በግራ እጅ በትንሿ ፊንጃን ጥቂት ጥቂት ይቀዳል፤ እንግዳው ስኒውን ነቅነቅ እስኪያደርግ ድረስ ይደግምለታል። ይህ ሥርዓት በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ፊንጃን የሚሉትን እኛ ፍንጃል እንለዋለን፤ ቡናውም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የሄደ የእኛው ቡና ነው። ያ ስኒ ሲዘረጋላችሁ ከእናንተ ወጥቶ ወደ እናንተ የተመለሰ ስጦታ ነው።

ስትጠየቁ ክርስቲያን መሆናችሁን አትደብቁ፤ ሳትጠየቁ ደግሞ ሰውን አታስጨንቁ። እናንተም ጠይቁ። ስለ ረመዳን፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ድሮው የበረሃ ኑሮ ጠይቁና እስከ መጨረሻው አዳምጡ። በጉርብትና ያላችሁ የፊሊፒንስ፣ የሕንድ፣ የባንግላዴሽ ልጆችም አሉ፤ እነርሱም እንደ እናንተ እናታቸው የሠራችውን ወጥ ይናፍቃሉ። በዕረፍት ቀናችሁ በአንድ ጀበና ዙሪያ መቀመጥ ትችላላችሁ።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እንግድነት ባርነት አይደለም። ደመወዙ የተያዘበት፣ የሚመታ ወይም የሚዋረድ ሰው ዝም እንዲል ይህን ጽሑፍ ማንም ማስረጃ አያድርገው። በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ የሳምንት ዕረፍትንና ሌሎችንም መብቶች ይደነግጋል፤ አቤቱታም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሰማል። ተበድላችሁ ከሆነ ወደ ቁምስናችሁ ኑ፤ ብቻችሁን አትቁሙ። እኅቶችም ብቻቸውን ወደማያውቁት ቤት በግብዣ ስም እንዳይገቡ አደራ እላለሁ።

በየካቲት 2019 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ወደዚህ አገር በመጡ ጊዜ ከእናንተ ብዙዎቹ በዛይድ ስፖርት ከተማ ነበራችሁ። የካቲት 5 ቀን በዚያ በተሠዋው ቅዳሴ 180,000 ያህል ሰው ተገኝቷል። በዋዜማው ከአል አዝሃሩ ታላቁ ኢማም አሕመድ አል ጠይብ ጋር የሰብአዊ ወንድማማችነትን ሰነድ ፈርመው ነበር። በ2023ም በሳዲያት ደሴት መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያንና ምኩራብ በአንድ ቅጥር የያዘው የአብርሃም ቤተሰብ ቤት ተከፈተ። አብርሃም የሚታወሰው ደግሞ እንግዶችን ከድንኳኑ ወጥቶ በመቀበሉ ነው። ታላላቆቹ የፈረሙትን ወረቀት በየቤቱ ሥጋና ደም የሚያለብሱት ግን እንደ እናንተ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ያቺን እኅት በፍልሰታ ጾም መጨረሻ ዳግመኛ አገኘኋት። የምታገለግልበት ቤት አሮጊት እናት ዘወትር ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን ቀህዋ ይጠጣሉ። በጾሙ ጊዜ ሥጋና ወተት አለመንካቷን አይተው፣ «ታምመሻል?» ብለው ጠየቋት። «እጾማለሁ» አለች። «ለማን?» አሉ። «የማርያምን ጾም ነው» አለቻቸው። አሮጊቷም ትንሽ ዝም ብለው ተምሩን ወደ እርሷ ገፉላት፤ ቁጭ እንድትልም በእጃቸው አመለከቷት። ከዚያም ልጆቻቸውን የወለዱት በካናድ እንደሆነ፣ አዋላጇም ክርስቲያን እንደ ነበረች ይነግሯት ጀመር።

«ምን አልሻቸው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ምንም አላልሁ አባ፤ ሲቀዱልኝ ጠጣሁ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቀህዋው ለሁለት ይቀዳል። እኔ በመንበሩ ላይ ቆሜ ማዕድ ዘርጉ ብዬ ነበር፤ እርሷ ግን በተዘረጋላት ማዕድ ላይ ተቀመጠች። በጭቃ ጡቡ የእንግዳ ቤት የተጀመረው ታሪክ በዚያ ወጥ ቤት አጠገብ እንደ ቀጠለ አምናለሁ።

የእንግዶች አምላክ እናንተንም፣ የምታገለግሏቸውንም ቤቶች ይባርክ፤ በአገር ቤት የተከደነ ሰሐን ይዘው የሚጠብቋችሁንም በሰላም ያገናኛችሁ። አሜን።